የኪራይ ሰማይ

እንጅባራ ላይ ከካሳነሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ፣ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ገለጥ አድርጎ ለሚገባ ሰው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ክፍሏ ውስጥ ከቀርከሃ የተሠራ የአውሮፕላን አፍንጫ ተቀምጧል። ቀልድ አይደለም። ወንበርና ሶፋ የሚሠሩት የከተማው የቀርከሃ ባለሙያዎች ናቸው ያበጁት፤ ልኩ ሲነገራቸው «ይሄ የምን አልጋ ነው? ለአንድ ሰው ሰፋ፣ ለባልና ሚስት ጠበበ» እያሉ ሲስቁ ነበር። ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ፣ ከፊት ሰፋ ያለ ስክሪን፣ በእጅ የሚያዝ መሪ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው። ሲሙሌተር ይባላል፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው መብረር የሚለማመዱበት ነገር ነው። ባለቤቱ የካሳነሽ ባል ስንታየሁ ነው።

ስንታየሁ በሕይወቱ አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም። የተሳፈረውም አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም እስኪያርፍ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ፣ አንድ ትንሽ የበረራ ትምህርት ቤት ውስጥ የሲሙሌተር ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ጠዋት ያበራል፣ ሲበላሽ ይፈታታል፣ ተማሪዎቹ ሲወድቁ ያጽናናል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አሮጌውን ዕቃ «ውሰደው፣ ለእኛ ቆሻሻ ነው» አሉት። በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አዳብሎ ወደ አገሩ ይዞት መጣ። ካሳነሽ የዚያን ቀኑን ዛሬም ታወራዋለች፤ «ባሌ ከአዲስ አበባ ፍሪጅ ያመጣልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሞተ አውሮፕላን ይዞልኝ ከች አለ።»

አውሮፕላኑ ግን አልሞተም ነበር። ፕሮግራሙ አንዴ ተገዝቶ ያለቀለት ነው፤ ከተጫነ በኋላ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ፣ የሠሩት ሰዎች ከበሩ ከሰሩ ደንታ የለውም። ችግሩ ሌላ ነበር። ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ደቡብ ሲበሩ ስክሪኑ የሚያሳየው ቡናማ ባዶ ሜዳ ነው። ዳንግላ የለችም። እንጅባራ የለችም። «የሌላውን አገር የውሻ ቤት ሳይቀር ስለው፣ እኛ ጋ ሲደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ይል ነበር ስንታየሁ።

ስለዚህ ራሱ ይሠራት ጀመር። መጀመሪያ ዋናውን መንገድ ዘረጋ። ቀጥሎ ዘንገና ሐይቅን አስቀመጠ፣ ክቡን፣ ዳሩ በዛፍ የተከበበውን። ከዚያ የዳንግላን ገበያ ከነጋሪዎቹ፣ የእንጅባራን መናኸሪያ ከነባጃጆቹ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንድ በአንድ። ይሄ የዓመታት ሥራ ነው፤ ሌላው ሰው ካርታ እየተጫወተ ያሳለፈውን ቅዳሜና እሑድ፣ እሱ አገር ሲሠራበት ኖረ። በመጨረሻ በአዘና በኩል ሄዶ አባቱ የኖሩበትን መንደር ሠራ፤ ቤቱን፣ ከቤቱ በታች ያለውን የግጦሽ መስክ፣ መስኩ ላይ የአባቱን ዳማ ፈረስ። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ፈረሱም እንዲሁ። ስክሪኑ ላይ ግን ዳማው ሣሩ ላይ ቆሟል። ስንታየሁ ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ክንፉን ዘንበል ያደርግለታል።

አንድ ሌላ ነገርም አድርጓል። የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን በእኛ አቆጣጠር አደረገው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት ይላል፤ ሚያዝያ ከሆነ ስምንተኛ ወር ይላል፤ ዓመቱም የእኛው ዓመት ነው። «ቤቴ ቁጭ ብሎ የሰው አገር ሰዓት አይነግረኝም» ባይ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በዚህ አይስማማም። ወር ሁሉ ሠላሳ መሆኑ አይገባውም፤ አንዳንዱን ያስረዝማል፣ ጥቅምትን ያሳጥራል። ስንታየሁ በእጁ ይጎትተዋል፣ ይገፋዋል። ፕሮግራሙም ሰዓቱን አምኖ፣ ውጭ ፀሐይዋ ጠንክራ ሳለች ስክሪኑን ያጨልመዋል፤ እና ስንታየሁ በየጠዋቱ ፀሐይን በእጁ ያወጣታል። ለጳጉሜ ብቻ መላ አልተገኘም። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ማሽኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጳጉሜ ሲገባ፣ ሌላው ሰው ጠበል ሲወርድ፣ እሱ ማሽኑን አጥፍቶ የካሳነሽን አሮጌ ነጠላ ያለብሰዋል። ለሚመጣ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «አውሮፕላኑ ጳጉሜን እያከበረ ነው።» ከተማው ለምዶታል።

ድምፁን በተመለከተ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ድሮ ሞተሩን በትልቁ ስፒከር ነበር የሚያስነሳው፤ ልጆች በር ላይ ተኮልኩለው ያጨበጭቡ ነበር። በቅርቡ ግን አንድ የገበያ ቀን ከፍ አድርጎ ሲያስነሳው፣ ካሳነሽ ከሱቋ ሆና መንገዱን አየች። ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። አንዲት እናት ልጇን ከመሬት አፈፍ አድርጋ፣ ዘንቢሏን ጥላ ትሮጣለች። ካሳነሽ ገብታ ገመዱን ነቀለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ የስንታየሁ አውሮፕላን በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው።

ኢንሳፍ የዳንግላው ጨርቅ ነጋዴ የሐሰን ልጅ ናት። ካሳነሽ ጨርቅ የምትወስደው ከሐሰን ነው፤ ልጅቱም ገና ተማሪ ሳለች ከአባቷ ጋር ጣቃ ይዛ መጥታ፣ ቀሚሶቹን ገልጣ ገባች፣ አልወጣችም ቢባል ይቀላል። እንጅባራ አክስቷ ፋጤ ቤት እያደረች፣ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች፣ ትርፍ ሰዓቷን ሁሉ ቀርከሃው ውስጥ ጨረሰች። አብራሪ መሆን ነው የምትፈልገው። ሌሎቹ ልጆች ዘንገና ላይ ተከስክሰው ስቀው ሲሄዱ፣ እሷ ያረፈችውን ደግማ ታርፋለች።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ለአንድ የበረራ ትምህርት ቤት ተፈተነች። የጽሑፉን አለፈች፣ የሕክምናውን አለፈች፣ የሲሙሌተሩ ላይ ቀረች። ተመልሳ የመጣች ቀን ከስንታየሁ አጠገብ ተቀምጣ፣ መሪውን ሳትነካ ነገረችው።

«ጋሼ፣ እዚያ ያለው አውሮፕላን ጌጅ የለውም።»

«እንዴት ጌጅ የለውም?»

«ክብ ነገር የሚባል የለም። ሁሉም ስክሪን ላይ ነው። ፍጥነቱ በግራ፣ ከፍታው በቀኝ፣ ቁጥር ብቻ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ መርፌ ስፈልግ አፍንጫዬ ወደቀ። ፈታኙ ‹ማነው ያስተማረሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ዝም አልኩ።»

ስንታየሁን ከወደቀችው ይልቅ ዝም ያለችው አመመው። ስሙን ልትሸፍንለት ብላ እንደሆነ ገባው። አሮጌው ማሽን ክብ ጌጅ ብቻ ነው ያለው፤ እሷም ያወቀችው እሱ ያሳያትን ነው። አሁን አንድ ዕድል ቀርቷታል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ ለመመዝገቢያው ያልፋል።

መፍትሔው የታወቀ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ስክሪን ያላቸውን አውሮፕላኖች ይዟል። ዳሩ አይሸጥም፤ ይከራያል። በየወሩ ይከፈላል፣ በየወሩም ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ «አለሁ» ማለት አለበት። ካላለ ይቆለፋል። ሌላም አለ፦ ማሽኑ ሁለቱን ፕሮግራሞች መሸከም አይችልም። አዲሱ እንዲገባ አሮጌው መጥፋት አለበት፤ አሮጌው አንዴ ከጠፋ ደግሞ ተመልሶ አይጫንም፤ የመክፈቻ ቁልፉን ያረጋግጥ የነበረው ድርጅት አሁን የለም። ሁለተኛ ኮምፒውተር መግዛት በዚህ ዘመን ወሬ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ አገር፣ ዘንገናው፣ ገበያው፣ ዳማው ፈረስ፣ ወይ ይኖራል ወይ አይኖርም።

ስንታየሁ ቀናቱን በማሰላሰል ፈጀ። አባቱ ይታወሱት ጀመር። አባቱ ብዙ ዘመን የሰው መሬት በእኩል አርሰዋል፤ እህሉን ያጭዱ ነበር እንጂ አንድ ዛፍ ተክለው አያውቁም ነበር። ሲጠየቁ «ሲያድግ ጥላው ሥር የሚቀመጠው ማነው?» ይሉ ነበር። የራሳቸው መሬት ሲደርሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዛፍ መትከል ነበር። ልጃቸው አሁን የራሱን አስረክቦ እኩል አራሽ ሊሆን ነው።

ገንዘቡን የሚከፍለው የካሳነሽ ወንድም እንዳልካቸው ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፣ የባንክ ካርዱ ከአገር አገር ይሠራል። ሲደወልለት ሳቀ።

«እሺ፣ እከፍላለሁ። ግን ልብ በል፤ የእኔ ካርድ ሲሠራ ትበራለህ፣ ካርዴ ሲደርቅ ትወድቃለህ። መርዶውን ለእህቴ የምነግረው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አፍህን በቁርጥማት ይበለው! አንተ ካርድህን ጠብቅ፣ እኔ ክንፌን እጠብቃለሁ።»

በዚያው ሰሞን ሐሰን ጣቃ ጨርቅ ጭኖ መጣ። ካሳነሽ ሻይ አስመጣችለት። ሐሰን ብርጭቆውን ይዞ ቀሚሶቹን ገልጦ ገባና የቀርከሃው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ልጅቱ ነገረችኝ» አለ። «አልወሰንክም አሉ።»

«ኪራይ ፈራሁ።»

«እኔን እየኝ እስቲ፤ ተከራይቼ ነው ያረጀሁት። የዳንግላው ሱቅ የእኔ ይመስልሃል?»

«ባለቤቱ አንድ ቀን ቁልፉን ቢቀይርብህስ?»

«በሩ ላይ ቆሜ እለምነዋለሁ። ሽማግሌ እልክበታለሁ። ሰው ነው፣ ፊት አለው። ያንተ አከራይ ፊት አለው?»

«ኢሜይል አለው።»

«ኢሜይል ይለመናል?»

«ይለመናል፣ ኔትወርክ ካለ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሐሰን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስማ ወንድሜ፣ ለልጄ ብለህ ቤትህን አፍርስ አልልህም። ያንን ልልህ አይደለም የመጣሁት። ብትተወውም አልቀየምህም። ይህን ልነግርህ ነው።» ተነሳና ወጣ። ስንታየሁ «አድርገው» ቢለው ይሻለው ነበር።

ካሳነሽ ሁሉንም ከቀሚሶቹ ወዲያ ሰምታለች። ክር በአፏ ይዛ ገባች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ፈረስ ሣር ይበላል?»

«የሥዕል ፈረስ ምን ይበላል?»

«እንግዲያው አይራብም። ቆይ ቢሉት ይቆያል። ልጅቱን ቆዪ ማለት ይቻላል?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ብቻውን ገባ። ከዳንግላ ተነሳ፣ ዘንገናን ዞረ፣ ወደ አዘና ሄደ። መስኩ ላይ ዝቅ አለ፣ ክንፉን ዘንበል አደረገ። ከዚያ የሠራውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠው፤ ዳሩ የሚከፍተው ፕሮግራም የለምና ቁልፉ ከጠፋ ሳጥን አይሻልም። ቀጥሎ አጠፋው።

አዲሱ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው ትክክለኛውን ቀን ነው። ስንታየሁ እያጉረመረመ በፈረንጁ አቆጣጠር አስተካከለለት። እንዳልካቸው ከፈለ፣ ኔትወርኩም ያን ቀን ጥሩ ነበርና ተከፈተ። ኢንሳፍ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም መሬቱን የሚያሳየው ከላይ በተነሳ ፎቶ ነው፤ ዳንግላ አለች፣ እንጅባራ አለች፣ ማንም ሳይደክምባት። ስንታየሁ መሪውን ይዞ ወደ አዘና ዞረ። የሚያውቀውን ጠመዝማዛ መንገድ አገኘ፣ ወንዙን አገኘ። መስኩን አጣው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። ዲከረንስ ነው፤ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ። ወንድሙ መሬቱን እንደተከለበት ያውቃል፣ ተነግሮታል፤ መንገዱ አልመች ብሎ ሄዶ ግን አላየውም ነበር። ደጋግሞ ዞረ። የቤቱ ጣሪያም በዛፉ ተውጦ አልታይ አለው።

«ጋሼ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ምንም። መሪውን ያዢ፣ አንቺ ነሽ የምትፈተኚው።»

ጥቂት ቀናት እጅግ ደህና ነበሩ። ኢንሳፍ ቁጥሮቹን ለመደች ባትባልም መልመድ ጀመረች። ከዚያ ኔትወርክ እንደ ልማዱ ጠፋ። አልደነገጡም፤ ወሩ ገና ነው። ከዚያ መብራት ጠፋ። ያም ልማድ ነው። መብራቱ ሲመለስ ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ ነበር፤ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ስንታየሁ ነው በእጁ የሚሞላው። ሞላው። እጁ የሚያውቀውን ሞላው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ስምንተኛ ወር፣ ዓመቱ የእኛው ዓመት። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈተ።

አልተከፈተም። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የያዘ ቀይ ሳጥን መጣ።

«ሌቦች!» ብሎ ጮኸ። «ወሩ ሳይሞላ!»

ካሳነሽ ሮጣ ገባች። «ምን ይላል?»

«ዘጋን ነው የሚለው!»

«ለምን ይላል? እስቲ አንብበው።»

ሲያነብ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። የኮምፒውተሩ ቀን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል ይላል። ቀን ወደ ኋላ የሚመልስ ኪራይ የሚሰርቅ ሰው ነው። ትክክለኛነቱ እስኪጣራ ተዘግቷል፤ ለማጣራት ከኔትወርክ ጋር ያገናኙ። ስንታየሁ ቀኑን ወዲያው መልሶ አስተካከለ። ሳጥኑ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ እስከ መናኸሪያው ሄደ። የኔትወርክ ምልክት የሚባል የለም።

ኢንሳፍ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ስንታየሁ እሷን እስኪያይ ድረስ አንድ ቃል በአፉ ሲያመላልስ ነበር፦ ኔትወርክ። ኔትወርክ ነው ቢላት አትጠራጠርም። ማንም አይጠራጠርም፤ በዚህ አገር ያልደረሰ መልእክት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የቀረ ሠርግ ሁሉ የሚላከከው በኔትወርክ ነው። ካሳነሽም ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ኔትወርክ ነው በላት፣ ውሸትም አይደለም» ብላዋለች።

ልጅቱ ገባች፣ ቀዩን ሳጥን አየች። «ኔትወርክ ነው ጋሼ?»

«አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ።» ከባትሪዋ ጀምሮ ነገራት።

ኢንሳፍ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለች። «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ?»

«ስምንት።»

«ያኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ» አለችና የሳቀች መሰለች፤ ሳቅ አልነበረም። ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። «አሮጌውም የለም?»

«የለም።»

«እሺ ጋሼ።» ይህን ብላ ወደ ቀሚሶቹ ሄደች።

«ቁጭ በይ» አላት። ለምን እንዳላት ራሱም አላወቀም። ዓይኑ ካሳነሽ አንገት ላይ የተንጠለጠለው የልብስ መለኪያ ሜትር ላይ አረፈ፤ ቢጫው፣ ቁጥሩ ከላይ እስከ ታች የተደረደረው። «ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ! ካሳነሽ፣ ሜትሩን አምጪው።»

«ልትለካኝ ነው?»

«ሁለተኛ ሜትርም ካለሽ እሱንም። ካርቶንም አምጪ።»

ካሳነሽ ለቀሚስ መቁረጫ የምታዘጋጀውን ካርቶን አመጣች። ስንታየሁ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቀዳዳ በመቀስ ከፈተ፤ ሜትሩን በአንዱ አስገብቶ በሌላው አወጣው። ከፊት የሚታየው አጭር ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከኋላ ሲጎትቱት ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ልክ እንደዚያኛው። በግራ ፍጥነት፣ በቀኝ ከፍታ። መሐሉ ላይ በካሳነሽ ጠመኔ አድማሱን አሰመረ። ካርቶኑን በቀይ ሳጥኑ ላይ አስደግፎ አቆመው።

«አንቺ ፍጥነቱን ያዢ» አለ ለሚስቱ።

«እኔ? የሰው ቀሚስ ይጠብቀኛል!»

«እሷ ስትገፋ ቁጥሩን አውጪ፣ ስትስብ አውርጂ።»

እንዲህ ተጀመረ። ኢንሳፍ መሪውን ያዘች። ስንታየሁ በአንድ እጁ ከፍታውን እየጎተተ በቃሉ ያወራል። «ከዳንግላ ተነሳን። በግራሽ ገበያው ነው፤ ጋሪዎቹ ይታያሉ። ደመና ከፊት አለ፣ አፍንጫሽን ጠብቂ። ከፍታሽ ወረደ! አየሽው?» ካሳነሽ መጀመሪያ ዝም ብላ ጎተተች፤ ትንሽ ቆይታ ሞቅ አላት። «ፈጠንሽ፣ ፈጠንሽ! ኧረ ይቺ ልጅ ልትገድለን ነው!» ስንታየሁ ማረፉ ሲከብድ ሳያውቀው ወደ አፍ መፍቻው፣ ወደ አዊኛ ይሻገራል፤ ኢንሳፍ አትጠይቅም፣ ከድምፁ ትረዳለች።

ሐሰን የመጣው ሜትሩ እንዲህ ሲጎተት ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ልጁንና ካርቶኑን፣ ከካርቶኑ ኋላ ያጎነበሱትን ባልና ሚስት አየ። ስንታየሁ ሜትሩን ሳይለቅ የሆነውን ነገረው፤ ለእሱም «እኔ ነኝ» አለው። ሐሰን ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄን በጨርቅ ሜትር ነው የምትልካት?»

«በጨርቅ ሜትር።»

«እኔ ያመጣሁት ሜትር ነው?»

«ያንተው ነው።»

ከዚያ ኮቱን አውልቆ ቀርከሃው ላይ ሰቀለና ካሳነሽን «ተነሺ፣ ሥራሽን ሥሪ» አላት። እሱም እንደ ሱቁ ጨርቅ እየለካ ቁጥሩን ማንሳት ማውረድ ጀመረ። «አባዬ፣ ቀስ!» አለች ኢንሳፍ። «ሲቸኩል ነው እኮ ሰው የሚያጎድለው» አለ እሱ፤ ሜትሩ ላይ እጁ እንደ ቆየ ነጋዴ እርግጠኛ ነበር።

ፈተናው ሲደርስ ኔትወርኩ አልመጣም ነበር። መንገዱ ክፍት በነበረበት አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ስንታየሁ መናኸሪያው ድረስ ሸኝቷት፣ ሚኒባሱ ከሄደ በኋላም ቆሞ ቀረ። ቤት ሲመለስ ቀርከሃው ውስጥ አልገባም። ብዙ ቀን አልገባም። ሰው «ምነው አውሮፕላኑ?» ሲለው «ታሟል» ይላል።

ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ስልክ መሥራት በጀመረ ሰሞን፣ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሲሙሌተሩን አለፍኩ።»

ስንታየሁ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ቁጥሩ ከፍ ሲል የእትዬ ካሳነሽ እጅ ታየኝ፤ ‹ፈጠንሽ› የሚለው ድምፅም። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፈታኙ ‹ምን ያስቅሻል?› አለኝ።»

«እና ገባሽ?»

«ቦታው አነስተኛ ነው አሉ። ተጠባባቂ ነኝ። ከገቡት አንድ ሰው ከቀረ ይጠሩኛል።»

«ካልቀረስ?»

«ካልቀረ የለም ጋሼ።»

ፕሮግራሙም በዚያው ሰሞን፣ ኔትወርኩ ብቅ ባለበት አንድ ማለዳ፣ እንዳልነበር ሆኖ ተከፈተ። ይቅርታ አልጠየቀ፣ አልተጠየቀ። ስንታየሁ ትንሿን ባትሪ አስቀየረ፤ ቀኑን በፈረንጁ ተወው። የእኛውን ደግሞ ግድግዳው ላይ በወረቀት ካላንደር ሰቀለ። ማሽኑን ሲያየው ግን እንደ ድሮው አይደለም። የሰው ዕቃ አደራ እንደያዘ ሰው በጣቱ ጫፍ ነው የሚነካው። ኔትወርክ ሲጠፋ ወሩን ያሰላል፤ የእንዳልካቸው ስልክ ሲዘገይ ራሱ ይደውላል።

ጳጉሜ ገባ። የለመደው ሰው ሳይመጣ ቀረ፤ ማሽኑ ነጠላ ለብሶ እንደሚሰነብት ያውቃል። ኢንሳፍ ግን መጣች። አልተጠራችም፣ አይሆንም አልተባለችም፤ ትምህርት ቤቱ በመስከረም ይጀምራል። ፊቷ ከሳ ብሏል።

«ያበራሉ ጋሼ ጳጉሜን?»

«አሁን እኮ ለእሱ ጳጉሜ የለም፤ መስከረሙን ከያዘው ሰንብቷል።»

ቁልፉን ተጫነው። ተከፈተ፤ ግን ከሥር አንድ ቢጫ መስመር መጣ፦ በቅርቡ ከኔትወርክ ጋር ካልተገናኘ ይዘጋል። ስልኩን አየ። ምልክቱ ከጠፋ ሰንብቷል።

«ነገም ይከፈታል?» አለች።

«ዛሬ ይከፈታል። የነገውን እንጃ።»

ሁለቱም ቢጫውን መስመር ትንሽ አዩት። ከዚያ ስንታየሁ እጁን ዘርግቶ ማሽኑን አጠፋው። የካሳነሽን አሮጌ ነጠላ ከሚስማሩ አውርዶ አለበሰው። ከቀርከሃው ሥር ካርቶኑን አወጣ፤ ጠመኔው ደብዝዞ ነበር፣ አድማሱን እንደገና አሰመረ።

«ካሳነሽ! ሜትሩን ይዘሽ ነይ።»

«ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ስንት ቀሚስ አለብኝ!»

«ሰው አየር ላይ ነው ያለው!»

እያጉረመረመች መጣች፤ ከካርቶኑ ኋላ ተቀመጠች። ኢንሳፍ መሪውን ያዘች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ።

«የት ነው የምንሄደው ጋሼ?»

«ወደ አዘና። መንገዱን ተከተዪ። ወንዙ መጣ፣ ተሻገርሽው። አሁን ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ከፊትሽ መስክ አለ፣ ሣሩ ረጅም ነው። በግራሽ ተመልከቺ፣ ዳማ ፈረስ ቆሟል።»

ኢንሳፍ በግራ በኩል፣ ቀሚሶቹ ወደተሰቀሉበት ተመለከተች። ከዚያ መሪውን ቀስ አድርጋ ዘንበል አደረገችው።